ሁሉም ደም ኪንታሮት አይደለም፦ ኮሎኖስኮፒ ምን ያሳያል፣ ምን ይጠይቃል?

ጎጃም ውስጥ ከመቀመጫ የሚወጣ ደም ብዙ ጊዜ አንድ ስም ነው ያለው፦ ኪንታሮት። ስሙ ከወጣለት ደግሞ መፍትሔውም የታወቀ ይመስላል። ከደጀን እስከ ዳንግላ ኪንታሮት እነቅላለሁ የሚል ባለመድኃኒት አይጠፋም፤ ታካሚውም ሐኪም ፊት ሱሪ ከማውለቅ እሱ ዘንድ መሄድ ይቀለዋል። ችግሩ ቃሉ ከመጠን በላይ ሰፊ መሆኑ ነው። እጅ ላይ የሚወጣውንም ኪንታሮት እንላለን፣ የፊንጢጣ ደም ሥር ሲያብጥም ኪንታሮት እንላለን፤ በዚህ ላይ በዚያ አካባቢ የሚደማውን ሁሉ ጨምረንበታል። የፊንጢጣ መሰንጠቅ ይደማል፤ የአንጀት ቁስለት ይደማል፤ ብልሃርዚያም፣ ፖሊፕም (አንጀት ውስጥ የሚበቅል እብጠት)፣ ካንሰርም ይደማሉ። የሚያቃጥል ቅጠል ወይም ዱቄት የተቀባበት ፊንጢጣ ደግሞ ቁስሉ ሲድን እየጠበበ ሄዶ ሌላ በሽታ ይሆናል።

ከኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ትልቁን አንጀት በካሜራ ከማየት፣ በፊት ግን ጣት አለ። የፊንጢጣ ካንሰር ብዙ ጊዜ ከመውጫው በጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ስለሚሆን ጓንት ባጠለቀ፣ ቅባት በተቀባ አመልካች ጣት ሊዳሰስ ይችላል። ይህ ጤና ጣቢያም የሚሠራ፣ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ምርመራ ነው። የውስጥ ኪንታሮት ለስላሳ ስለሆነ በጣት ብዙም አይታወቅም፤ ዕጢ ግን ጠጣርና ጠርዙ ሸካራ ነው፣ ጓንቱም ላይ ደም ይቀራል። በጣት ሳይዳስስ የኪንታሮት ቅባት የሚያዝ ባለሙያ ሥራውን አልጀመረም ማለት ይቻላል። እርግጥ ጥፋቱ የባለሙያው ብቻ አይደለም፤ «ነውር ነው፣ ይቅርብኝ» የሚለው ታካሚም ብዙ ነው።

ምልክቶቹ ራሳቸው ጥቂት ይናገራሉ። የኪንታሮት ደም ደማቅ ቀይ ሆኖ ከሰገራው በኋላ ጠብ ጠብ ይላል እንጂ ከሰገራው ጋር አይቀላቀልም። ፊንጢጣው ከተሰነጠቀ ለሰገራ ሲቀመጡ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ደሙ ከሰገራው ጋር ከተለወሰ፣ ንፍጥ ካለው፣ ሰገራው ከወትሮው ከቀጠነ፣ ሰውየው ተጠቅሞም «ገና ነኝ» የሚያሰኘው ከሆነ፣ ሰውነቱ ያለ ምክንያት ከከሳ፣ ጉዳዩ ከኪንታሮት አልፏል። ይሁን እንጂ በምልክት ብቻ መፍረድ አይቻልም፤ አንድ ሰው ኪንታሮትም ካንሰርም በአንድ ጊዜ ሊኖረው ይችላል፣ ኪንታሮቱ በዓይን ስለታየ ብቻ ከላይ ያለው ሳይታይ ይቀራል።

በቀኝ በኩል ባለው የትልቁ አንጀት ክፍል የሚነሣ ዕጢ ደግሞ ብዙ ጊዜ ደም አያሳይም። ቀስ እያለ በጥቂት በጥቂቱ ስለሚደማ ሰውየው የሚሰማው ድካምና ዳገት ሲወጣ ማለክለክ ብቻ ነው፤ ሲመረመር ደም ማነስ ይገኝበታል። መንጠቆ ትል በብዛት ባለበት አገር ደም ማነስን ለትል መስጠት የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜም ትክክል ነው። ነገር ግን ትሉ ታክሞ፣ የአይረን ኪኒን ተወስዶ ደሙ ካልተመለሰ፣ በተለይ ታካሚው ጎልማሳ ወንድ ወይም የወር አበባዋ የቆመ ሴት ከሆነች፣ ደሙ በየት እየፈሰሰ እንደሆነ መፈለግ ግዴታ ነው።

«ሰገራ ተመርምሬ ነፃ ነኝ» የሚለው መልስም እዚህ ላይ ያሳስታል። በየጤና ጣቢያው በማይክሮስኮፕ የሚሠራው የሰገራ ምርመራ የሚፈልገው አሜባን፣ ጃርዲያንና የትል እንቁላልን ነው። በዓይን የማይታይ ደም የሚፈለገው ለብቻው በሚታዘዝ ሌላ ምርመራ ነው። ለአንድ ዓይነት ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ በዓመት ሦስት ጊዜ ሜትሮኒዳዞል (የአሜባ መድኃኒት) የወሰደ ሰው አራተኛውን ከመዋጡ በፊት አንጀቱ ይታይለት።

መሣሪያው

ኮሎኖስኮፕ ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለው ተጣጣፊ ቱቦ ነው። ውፍረቱ ከ12 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ርዝመቱ ከ1.6 ሜትር በላይ ይሆናል፤ ትልቁ አንጀት በአማካይ 1.5 ሜትር ያህል ነውና ይበቃዋል። በውስጡ በሚያልፈው ቀዳዳ ውኃ ይረጫል፣ ፈሳሽ ይሳባል፣ ናሙና የሚቆነጥር መቆንጠጫ ወይም ፖሊፕን አንቆ የሚቆርጥ የሽቦ ማነቂያ ይገባል። ኤክስሬይም አልትራሳውንድም የማያደርጉት ይህንን ነው፦ ማየትና እዚያው መንቀል።

የመንቀሉ ትርጉም ትልቅ ነው። አብዛኛው የደንዳኔ (የትልቁ አንጀት) ካንሰር የሚጀምረው አዴኖማ ከሚባል ፖሊፕ ሲሆን፣ ከትንሽ እብጠት ተነሥቶ ካንሰር እስኪሆን ብዙ ጊዜ 10 ዓመት ገደማ ይወስዳል። ሁሉም ፖሊፕ ካንሰር አይሆንም፤ የትኛው እንደሚሆን ግን በዓይን ለይቶ መተው ስለማያስተማምን የተገኘው ይነቀላል፣ ናሙና በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ፓቶሎጂም ይላካል።

ካሜራው ከፊንጢጣ ተነሥቶ በግራ ሆድ ሽቅብ ይወጣል፣ ሆድን በአግድም ያቋርጣል፣ በቀኝ በኩል ቁልቁል ወርዶ ትንሹ አንጀት ከትልቁ የሚገናኝበት ይደርሳል። መድረሱ የሚረጋገጠው የትርፍ አንጀት ቀዳዳና የትንሹ አንጀት በር ሲታዩ ነው፤ ሁለቱም ፎቶ መነሣት አለባቸው። ዋናው ፍተሻ የሚካሄደው ግን ሲገባ ሳይሆን ሲወጣ ነው። ሐኪሙ ቱቦውን ቀስ እያለ እየሳበ የእያንዳንዱን እጥፋት ጀርባ ያያል። ይህ መመለሻ ቢያንስ 6 ደቂቃ እንዲፈጅ ይጠበቃል፤ ከዚያ ባነሰ ጊዜ ተንደርድሮ የወጣ ካሜራ ፖሊፕ እያለፈ ይመጣል።

ስለዚህ የውጤት ወረቀት ላይ «ኖርማል» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም። ካሜራው መጨረሻው ድረስ ደርሷል ወይ? አንጀቱ በደንብ ታጥቦ ነበር ወይ? ንጽሕናው ብዙ ቦታ ቦስተን በሚባለው መለኪያ ከ0 እስከ 9 ይሰጠዋል፤ ሦስቱ የአንጀት ክፍሎች እያንዳንዳቸው ቢያንስ 2፣ በድምሩም ቢያንስ 6 ካላገኙ «ምንም አልታየም» ማለት «አላየንም» ማለት ነው።

ማጠቡ

የሥራው ግማሽ የሚሠራው ከቀጠሮው በፊት ነው፤ የሚበላሸውም እዚያው ነው። ከሦስት ቀን በፊት ምግብ ይቀየራል። አንደኛው ተከልካይ፣ ጎጃሜ ለማመን ቢቸገርም፣ ጤፍ ነው። ጤፍ ከነገለባው ስለሚፈጭ ነጭም ሆነ ሰርገኛ እንጀራው አንጀት ግድግዳ ላይ ድቃቂ ይተዋል፤ ያ ድቃቂ ካሜራውን ይጋርዳል፣ መሳቢያውንም ይደፍናል። ተልባ፣ ሰሊጥ፣ ኑግ፣ ጎመን፣ ቃሪያ፣ ባቄላ፣ ምስርና ሽሮም ይቀራሉ። የሚበላው ነጭ ሩዝ፣ ፉርኖ ዳቦ፣ ማካሮኒ፣ ተልጦ የተቀቀለ ድንች፣ እንቁላል፣ የጣና ዓሣ፣ የዶሮ መረቅ ነው። ጾም ከሆነ ሩዙ፣ ማካሮኒውና ድንቹ ያለ ቅቤ ይበቃሉ። የሚከብደው የሰዓቱ ነገር ነው፦ በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ውኃ የማይቀምስ ምእመን፣ በረመዳንም ቀኑን የሚጾም ሙስሊም መድኃኒቱን በታዘዘበት ሰዓት ሊጠጣ አይችልም። ቀጠሮው አስቸኳይ ካልሆነ ከጾሙ በኋላ ማድረግ፣ አስቸኳይ ከሆነም ለንስሐ አባት ወይም ለኢማም አስቀድሞ መንገር ይሻላል። ሌሊት ላይ ሐሳብ የሚቀይር ታካሚ ቀጠሮውን ያቃጥላል።

በዋዜማው ጠጣር ምግብ ይቆማል። የሚጠጣው በብርጭቆ ውስጥ ሲታይ ወዲያ ማዶ የሚያሳይ ፈሳሽ ብቻ ነው፦ ውኃ፣ ወተት የሌለው ሻይ ወይም ቡና፣ የተጣራ መረቅ። ቀይ ለስላሳና የቀይ ሥር ጭማቂ አይነኩም፤ አንጀት ውስጥ ደም ይመስላሉ። ጠላም አረቄም አይሆኑም።

ዋናው ማጠቢያ ፖሊኢትሊን ግላይኮል የሚባል ዱቄት ነው፤ ብዙ ጊዜ በ4 ሊትር ውኃ ይበጠበጣል፣ ማለትም ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ሁለት። ዱቄቱ ከአንጀት ወደ ደም አይገባም ማለት ይቻላል፤ ውኃውን ይዞ ይወርዳል፣ አብሮት ያለው ጨውም የሰውነት ጨው እንዳይዛባ ያደርጋል። ከኮሶ የሚለየውም በዚህ ነው። ኮሶ የጠጣ ሰው «ያው ማስቀመጥ ነው» ሊል ይችላል፤ ኮሶ ግን የኮሶ ትልን ለማውጣት የተለመደ ነው እንጂ አንጀትን አጥርቶ አያጥብም፣ ሲበዛም እስከ ዓይን ድረስ ይጎዳል። የፎስፌት ጨው ያለባቸው ማጠቢያዎች ደግሞ ኩላሊትን ሊያበላሹ ስለሚችሉ አዛውንትና የኩላሊት ሕመምተኛ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይውሰዷቸው። ማኒቶልና ላክቱሎስ የሚባሉ ማጠቢያዎችም ሌላ አደጋ አላቸው፦ አንጀት ውስጥ ሲብላሉ የሚነድ ጋዝ ይፈጥራሉ፣ ፖሊፕ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው በኤሌክትሪክ ነው።

4 ሊትሩ በአንድ ጊዜ አይጠጣም፤ ለሁለት ይከፈላል። ቀጠሮው ጠዋት 4 ሰዓት ነው እንበል። የመጀመሪያው 2 ሊትር በዋዜማው ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ በየ15 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ እየተባለ እስከ 2 ሰዓት ያልቃል። ሁለተኛው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተጀምሮ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ያልቃል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በኋላ ውኃም አይቀመስም፤ ማደንዘዣ ላይ ያለ ሰው ካስመለሰ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላልና።

ታካሚዎች በብዛት የሚዘሉት ይህን የሌሊቱን ነው። «ማታ ወጥቶልኛል፣ ባዶ ነኝ» ይላሉ። ሌሊቱን ግን ከትንሹ አንጀት ሐሞት ያለበት ፈሳሽ ሲወርድ ያድርና የቀኙን ክፍል እንደ ሙጫ ይለብሰዋል፤ ጠፍጣፋና ለዓይን አስቸጋሪ የሆኑ ፖሊፖች የሚበዙትም እዚያ ነው። ካስመለሰ ግማሽ ሰዓት አርፎ፣ አቀዝቅዞ፣ ቀስ እያሉ መቀጠል ነው እንጂ ማቆም አይደለም።

መታጠቡን የሚናገረው ቀለሙ ነው። መጀመሪያ ጓል ጓል ያለ ሰገራ፣ ቀጥሎ ቡናማ ውኃ፣ ከዚያ የጠላ አተላ የመሰለ ድፍርስ ይመጣል። አተላ ላይ ያለ ሰው ገና ነው። ጥርት ያለ፣ ቢጫ፣ ሽንት የሚመስል፣ የመጸዳጃውን ወለል የሚያሳይ ሲሆን አልቋል። ጠዋት አሁንም አተላ ከሆነ ለነርሷ በግልጽ መንገር ያስፈልጋል፤ አፍሮ ዝም ያለ ሰው ምርመራውን ይደግማል።

ከሞጣ፣ ከቡሬ ወይም ከቢቸና ለሚመጣ ሰው አንድ ነገር ይጨመራል፦ መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ አውቶቡስ የለም። ሆስፒታሉ ባለበት ከተማ ከዋዜማው በፊት መድረስና የራሱ ሽንት ቤት ያለው ክፍል መያዝ ያስፈልጋል፤ ቧንቧው ይመጣል ወይ ብሎ መጠየቅና አንድ ጀሪካን ሞልቶ ማስቀመጥም አይከፋም። መንገዱ በሚዘጋበት ወቅት ዱቄቱ የሚበጠበጠው ከተማው ከተገባ በኋላ ብቻ ነው። ለጎጃም ሰው ሪፈሩ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን፣ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ አለዚያም ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ነው። መሣሪያ ይበላሻል፣ ሐኪሙም ሌላ ሥራ ይገጥመዋል፤ ዱቄቱም በሁሉም ፋርማሲ አይገኝም። ከመነሣት በፊት ስልክ መደወል የሁለት ቀን ረሃብን ያድናል።

መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቀጠሮ ሲይዝ ዝርዝሩን ያሳይ። የአይረን ኪኒን ሰገራን አጥቁሮ ስለሚያጣብቅ ከ5 እስከ 7 ቀን አስቀድሞ ይቆማል። ስኳር ያለበት ሰው ሳይበላ የወትሮውን ኢንሱሊን ከተወጋ ሊወድቅ ይችላል፤ መጠኑን ሐኪሙ ይቀንስለት። የልብ ቫልቭ የተቀየረለትና ደም እንዳይረጋ የሚከለክለውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው በራሱ ፈቃድ አያቁም፣ ደም ረግቶ ቫልቩን ሊዘጋው ይችላልና።

ጠረጴዛው ላይ

ታካሚው በግራ ጎኑ ተኝቶ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ይሰበስባል። የሚያፈዝና ሕመም የሚያስታግስ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጠዋል፤ ያለሱም መሥራት ይቻላል፣ ግን ይጨንቃል። ሙሉው ሥራ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይፈጃል። አንጀቱ በአየር ስለሚነፋ ሆድ ይወጠራል፤ ያንን አየር መልቀቅ እዚያ ክፍል ውስጥ ነውር አይደለም። የሚያመው ቱቦው በግራ በኩል ባለው፣ ሲግሞይድ በሚባለው የትልቁ አንጀት ክፍል ውስጥ ተጠቅልሎ ሲወጠር ነው። ነርሷ ሆዱን የምትጫነው፣ ታካሚውንም በጀርባው የምታዞረው ጥቅልሉን ለመፍታት ነው።

ይኸው ሲግሞይድ ሌላም ታሪክ አለው። በእኛ ደጋ ረጅም ሲግሞይድ ብዙ ነው፤ በራሱ ላይ ሲጠመዘዝ ሆድ እንደ ከበሮ ይነፋል፣ ሰገራም ጋዝም ይቆማል። በኢትዮጵያ ትልቁ አንጀት የሚዘጋበት ዋነኛ ምክንያት አንዱ ይህ ነው። አንጀቱ ገና ካልሞተ በካሜራ ወይም በፊንጢጣ በሚገባ ቱቦ ሊፈታ ይችላል፤ ከጠቆረ ግን ወደ ቀዶ ጥገና ነው። የተፈታውም ብዙ ጊዜ ስለሚመለስ ቆይቶ በቀዶ ጥገና ይወገዳል። ሆዱ ተነፍቶ ጋዝ ላቆመ ሰው ማጠቢያ መድኃኒት ማጠጣት ፊኛን በተዘጋ አፍ መንፋት ነው።

የናሙናው ጥቅም ለእኛ አገር ድርብ ነው። የጣና ዳርቻ ሰው በብልሃርዚያ ሲያዝ እንቁላሉ አንጀት ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ፖሊፕ የሚመስል እብጠት ሊያመጣ ይችላል፤ ቆየት ባለ ሕመም ሰገራ ውስጥ እንቁላል ላይገኝ ይችላል፣ ከግድግዳው በተቆነጠረው ናሙና ግን ይታያል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው። የአንጀት ቲቢ ደግሞ ሁለቱ አንጀቶች ከሚገናኙበት ቦታ ላይ መቀመጥ ይወዳል፤ በካሜራ ሲታይ ክሮንስ ከሚባለው የአንጀት በሽታ ጋር፣ አንዳንዴም ከካንሰር ጋር ይመሳሰላል። ክሮንስ ነው ተብሎ ስቴሮይድ (የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት) የተሰጠው የቲቢ ሕመምተኛ ቲቢው ይንሰራፋበታል። ናሙናው ለአስታማሚ ተሰጥቶ ሌላ ቦታ የሚወሰድ ከሆነ ብልቃጡ ላይ ስምና ቦታው መጻፉን፣ ናሙናው የሚቀመጥበት ፈሳሽ፣ ፎርማሊኑም፣ ሥጋውን መሸፈኑን ማየት ያስፈልጋል።

ጉዳቱም ይነገር። ለማየት ብቻ በሚሠራ ኮሎኖስኮፒ አንጀት የሚበሳው ከ1 ሺህ ሰው አንድ ገደማ ወይም ከዚያ ባነሰ ነው፤ ፖሊፕ ሲነቀል ከፍ ይላል። የተነቀለበት ቦታ እስከ 14 ቀን ድረስ ሊደማ ይችላል። ቤት ከተመለሱ በኋላ የማይለቅ የሆድ ሕመም፣ የጠነከረ ሆድ፣ ትኩሳት ወይም በብዛት የሚፈስ ደም ከመጣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው። ፖሊፕ የተነቀለለት ሰው ሩቅ አገሩ ቶሎ ባይመለስ እንመርጣለን። ማደንዘዣ የወሰደ ሰው ደግሞ ለ24 ሰዓት አይነዳም፣ ውልም አይፈርምም።

ጤነኛው ሰውስ?

አሜሪካ ጤነኛ ሰው የትልቁ አንጀት ካንሰር ምርመራ የሚጀምርበትን ዕድሜ በ2021 ከ50 ወደ 45 አውርዳለች፤ ኮሎኖስኮፒው ንጹሕ ከሆነ ቀጣዩ ከ10 ዓመት በኋላ ነው። በ2022 የወጣ፣ በፖላንድ፣ በኖርዌይና በስዊድን የተካሄደ ትልቅ ጥናት ግን ለምርመራው የተጋበዙት ሰዎች በ10 ዓመት ውስጥ በካንሰሩ የመያዝ ዕድላቸው ካልተጋበዙት በ18 በመቶ ብቻ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል፤ ግብዣውን ተቀብለው የተመረመሩት ግማሽ እንኳ አይሞሉም ነበር። ጥቅም አለው፣ ተአምር ግን አይደለም። በጣት የሚቆጠር መሣሪያ ባለበት አካባቢ ወረፋውን ምልክት በሌለው ባለገንዘብ መሙላት ተገቢ አይመስለንም። ቅድሚያው ለሚደማው፣ ደሙ ለማይመለሰው፣ ሰገራው ለተለወጠው ነው።

ከዚህ የሚለዩት የበሽተኛው ሥጋ ዘመዶች ናቸው። እናቱ፣ አባቱ፣ ወንድሙ ወይም እኅቱ በዚህ ካንሰር የታመመበት ሰው ምልክት ባይኖረውም በ40 ዓመቱ፣ አለዚያም ዘመዱ ከታመመበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከሁለቱ በሚቀድመው ይታያል። ወንድሙ በ44 ዓመቱ የታመመ ሰው በ34 ዓመቱ ነው ማለት ነው። በቀብር ላይ «በሆድ ሕመም ነው የሞተው» ተብሎ ብቻ የሚቀረው ነገር እዚህ ላይ ይጎዳል፤ የትኛው ሆድ፣ በስንት ዓመቱ የሚለውን ሐኪሙ ይጠይቃል።